ወጣ ብላ ነው

ኮተቤ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ጂቱ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጉልበቴን ካላነሳነው እኔም እናትሽም ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ ያዘገየሁት ባንቺ ተናድጄ አይደለም። መናደዱንስ ተናድጄ ነበር፤ ግን ባንቺ አይደለም።

ሰሞኑን የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነን። አንድ ሹም በቴሌቪዥን ቀርቦ «ከተማችን እያደገች ነው» ይላል። ማደግና መብዛት አንድ ይመስለዋል። ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው። የተወለደና የገባ ብቻ ተደምሮ ሕዝብ አይባልም፤ የሞተና የወጣም አለ። ደግሞስ ሰው ሲጨምር ምን እንደቀነሰ ማን ቆጠረ? ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አቋርጠሽው የምትመጪው የጋሽ በዳዳ የገብስ ማሳ አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ የኪራይ ክፍል ነው። ቁራው ከቆሻሻው እኩል በዝቷል። ጠዋት ቤታችን ድረስ ይሰማ የነበረው የቆቅ ድምፅ ግን የለም።

የሰፈራችን ቆጣሪ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጵርስቅላ! አብራሽ የተማረችው፣ አሁን አስተማሪ ሆናለች። ጋሽ በዳዳን «ወደዚህ ከተማ ከየት ነው የመጡት?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ኧረ እኔ ከየትም አልመጣሁ! አጥሬ ሥር ቁጭ እንዳልኩ ከተማው ነው የመጣብኝ። ይልቅ እሱን ከየት እንደመጣ ጠይቂልኝ» አሏት። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሳቅሁ። ሳቄ ግን እኛ ቤት እስክትደርስ ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ እዚህ ቤት የሚኖረው ስንት ሰው ነው?»

«ሦስት።»

እርሳሷን አቆመች። «እርስዎና እትዬ ሰርክ... ሦስተኛው ማነው?»

«ጂቱ ናታ!»

«ጂቱ ቦትስዋና አይደለችም እንዴ?»

«ቦትስዋና ስለሆነች ልጄ መሆኗ ቀረ?»

«ልጅዎማ ናት። ግን ለጊዜው ወጣ ያለ ይቆጠራል፤ ወጥቶ የቀረ አይቆጠርም ነው የተባልነው። ጂቱ ወጣ ብላ ነው ወይስ ቀርታለች?» ሳቅ አለች። «ወፍ ስንቆጥር የበረረ አይቆጠርም ብለው ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት!»

እናትሽ ከጓዳ «ወጣ ብላ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ልክ ሱቅ እንደላከችሽ። ጵርስቅላ በእርሳስ ጻፈችሽ። «ሐሙስ ወረቀቴን ሳላስረክብ በዚህ አልፋለሁ፤ እስከዚያ አረጋግጡልኝ» ብላ ሄደች። እናትሽ ከዚያ በፊት «ባዶ ክፍል አይጥ ያረባል፣ የጂቱን ክፍል ለኮሌጅ ልጆች እናከራየው» ስትለኝ ነበር የሰነበተችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬውን አላነሳችውም።

«የበረረ አይቆጠርም» የሚለው ለተማሪዎቼ ከመድረሱ በፊት ላንቺ የተነገረ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥተን፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ቆቅ የምንቆጥርበትን ሸለቆ ታስታውሻለሽ? አንቺ በጥዱ በኩል፣ እኔ በባሕር ዛፉ በኩል። ጤዛው ካልሲሽን አርሶት፣ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ እኔን ዝም ታሰኚኝ ነበር። አንድ ቀን ካንቺ ወገን አንዲት ቆቅ ተነስታ ወደኔ ተሻገረች።

«አባዬ፣ እሷ የኔ ናት!»

«በረረች እኮ፤ የበረረ አይቆጠርም።»

«ብትበርም የኔ ናት!»

ስንመለስ ሲግናል ሰፈር እስክንደርስ አኩርፈሽ አላናገርሽኝም። እኔም ትክክል ስለነበርኩ አላባበልኩሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እዚያው በቋሚነት ልቀጠር ወይ ብለሻል። እንደ ባዮሎጂ መምህር ከሆነ መልሱ አያሻማም፤ ቦታ ሲጠብ ወጣቱ ይወጣል፣ ካልወጣ ወጣቱም ነባሩም በረሃብ ያልቃል። እዚህ ብትመጪ ላንድ የሩቅ ማያ መነጽር ስንት ፊርማ ስትለምኚ ትከርሚያለሽ። እዚያ ከአውሮፕላን ላይ ሆነሽ ዝሆን ትቆጥሪያለሽ። ስለዚህ ፈርሚ። ይህችን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ጻፍኳት እንጂ በንዴት የወጣች አይደለችም።

ሐሙስ ጵርስቅላን ምን እንደምላት እናትሽ አልጠየቀችኝም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ወደ ሸለቆው ብቻዬን ወጣሁ። ጥዱ ሳስቷል፤ የቆምሽበት ድንጋይ ግን አለ። ብዙ ጊዜ አዳመጥኩ፤ ሸለቆው ጭጭ ብሏል። ልመለስ ስል አንዲት ቆቅ ካንቺ ወገን ጮኸች። ቀና ከማለቴ ተነስታ በራሴ ላይ አልፋ፣ ሸንተረሩን ተሻግራ ከዓይኔ ጠፋች።

ቆጠርኳት።

የሰማይ ወፎችን የማይረሳ ጌታ በምትበሪበት ሁሉ ከክንፉ በታች ያኑርሽ።

አባትሽ
ኤጀታ