የላክሽልኝ ክር የነገረኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል፣ እማዬ? ወገብሽ ዘንድሮ ተሻለው ወይስ ብርድ ሲገባ እንደ አምናው ያስቸግርሻል? አባዬስ፣ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። በደንብ እበላለሁ፤ አትጨነቂ።

በሰው የላክሽልኝ የሱፍ ክር ደርሶኛል። ከረጢቱን ስፈታው የነከርሽበት የሽንኩርት ልጣጭ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። አንዱ ጥቅል እንደ ማር ደማቅ፣ ሌላው ነጣ ያለ ነው። የዚህን ከተማ ብርድ ሰምተሽ፣ ለትከሻዬ ብለሽ ፈትለሽ፣ ነክረሽ፣ አድርቀሽ መላክሽን ሳስብ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ የዚያኑ ቀን ሻል ጀመርኩ።

በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ቁልፍ ተካይ በሹራብ ሥራ የሚደርስባት የለም። ደማቁን ጥቅል ብቻ ይዤ ስገሰግስ አየችኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ በእጅ የተነከረ ክር እኮ ቀለሙ አንድ አይወጣም! እንዲህ ከቀጠልሽ መሃሉ ላይ የተጣፈ ነው የሚመስለው። ከሁለቱም ጥቅል ሁለት ሁለት መስመር እያፈራረቅሽ ሥሪ» አለችኝ። ፈትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ቀለሙ በእርግጥ ተስማማ። ጣቴ ግን ሌላ ነገር አገኘ። ደማቁ ክር የማውቀው የአንቺ ፈትል ነው፤ ቀጭን፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል። ነጣ ያለው አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሰልላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። በየሁለት መስመሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ አቃተኝ። ቁልፍ ተካይዋ፣ «እናትሽ ይቺንስ እንቅልፍ እያዳፋቸው ነው የፈተሏት» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ግን የአንቺ እጅ እንዲህ ፈትሎ አያውቅም።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ዞረ። ሳፋጥጠው ቀኝ እጅሽ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መሰንበቱን፣ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅሽ እንደምትይዢ ነገረኝ። «እሷ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች» ብለሽ አፉን አስይዘሽው ኖሯል። እሱን አትቆጪው፤ አስጨንቄ ያወጣጣሁት እኔ ነኝ። ክሩ እንዳያንሰኝ ብለሽ ሌላ ሱፍ አጥበሽ ማስጣትሽንም ሰምቻለሁ።

እማዬ፣ ሥራዬን ጥዬ አልመጣም፤ ይኼን ፍርሃት ከልብሽ አውጪው። የላክሽው ክር ይበቃኛል፤ ባይበቃም ሻሉ ትንሽ ያጥራል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ቁልፍ ተካይዋ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለውን እየቆረጥሽ ጣይው ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ፤ እሱም የአንቺ እጅ ሥራ ነው። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ምክንያቱ ብዙ ነው ይላሉ፤ በጊዜ ከታየ የሚሻልም አለ። የዕድሜ ነው ብለሽ ራስሽ ፈርደሽ አትቀመጪ። እንዝርቱን አኑሪና ከወንድም ጋሼ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሊወስድሽ ቃል ገብቶልኛል። እሑድ እደውላለሁ። ያን ቀን «ደህና ነኝ» አትበይኝ፤ ሐኪሙ ያለሽን እንዳለ ንገሪኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን፣ አንዴ እንኳ ምስጢር ስላወጣህ ተባረክ ብላለች በይልኝ። ባለቤቱን ከነልጆቿ እቅፍ አድርጊልኝ። ትንሿን እህቴንም ሳሚልኝ፤ ያሰጣሽውን ሱፍ ሰብስባ እንድትደብቅብሽ አዝዣታለሁና ቤቱን እያመሰሽ አትፈልጊው።

ልጅሽ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን