በስልክ ለማጥናት አዳራሽ ገብታችሁ ፈርሙ ላሉን ዲን

ለተከበሩ ዶክተር ሉቃስ
የኮሌጃችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ጁባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቢሮዎ ጄኔሬተርስ? እኛ ተማሪዎችዎ ሳናጠና ለፈተና መቅረባችን ካልሆነ በቀር ደህና ነን። አዲስ አበባ ተምረው ያደጉ በመሆንዎ፣ አልገባኝም ማለት እንዳያደክምዎ በአማርኛ ጽፌልዎታለሁ።

እኔ ማሂር፣ ቀን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የስልክ ዕቃ እየሸጥኩ ማታ አካውንቲንግ የምማር ተማሪዎ ነኝ። ኮድ መጻፍ ባልችልም፣ የተዘጋጁ ቁልፎችንና ሳጥኖችን እየጎተቱ በሚገጣጥሙበት ድረ ገጽ፣ ተማሪዎች ከያሉበት ሆነው አብረው የሚያጠኑበት መተግበሪያ ሠርቻለሁ። ለዚህ ድፍረቴ ፈጥነው ስለደረሱልኝ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ማንኛውም የጥናት ቡድን አዳራሽ ቁጥር ሁለት ተገኝቶ ካልፈረመ ሕገ ወጥ ነው የሚለው መመሪያዎ ለስልክ ቡድናችንም እንዲሠራ አዘዙ። እኛም ታዛዦች ነንና፣ መምጣት ስላልቻልን የመሠረትነውን ቡድን ሕጋዊ ለማድረግ ከሥራችን ቀርተን፣ በቦዳቦዳ ሞተር ተጭነን መጣን። ጎን ለጎን ተቀምጠንም በየስልካችን ተያየን። የአዳራሹ ጥበቃ ሳቀብን፤ አልፈረድንበትም።

፪. ዓፊፋ ግን አልመጣችም። ዓፊፋ ሀይ ጀላባ ሰፈር በባሏ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ የምትማር፣ ስታቲስቲክስ ለሁላችንም ያስረዳችን ሴት ናት። በዚያን ቀን ልጇ በወባ ትኩሳት እየነደደ ነበር። እርስዎም ሳትፈርም አጥንታለች ብለው ከሰኞው የመጨረሻ ፈተና ስሟን ሰረዙት፤ ቡድኖቻችንም በሙሉ እንዲዘጉ በኮሚቴ አስወሰኑ። ክቡርነትዎ፣ ይህን የምጽፈው በአክብሮት አይደለም። አንጀቴ አርሮ ነው። አንዲት እናት የለፋችበትን ዓመት በአንድ የብዕር ጭረት ማጥፋት ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

፫. መብራት ሲጠፋ፣ መምህር ሲቀር፣ መጽሐፍ ሲታጣ መመሪያ ለማውጣት ጊዜ ያጣው ቢሮዎ፣ ሰው እንዳያጠና ለመከልከል ግን ጊዜ አላጣም። ስለ ትጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዓፊፋ ሰኞ ትፈተን።

ፈርሞ የተቀመጠ፣ ተነሥቶ ለመሄድም ፈቃድዎን የሚጠብቅ፣ እጅግ ታዛዥ ተማሪዎ፣
ማሂር
አዳራሽ ቁጥር ሁለት፣ የኋላ ወንበር

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ኮሚቴዎ እኛን ሊዘጋ ቀጠሮ በያዘበት ዕለት ዝናቡ የኒምራ ታላታ ሰፈርን መንገድ ጭቃ አድርጎት፣ ከአባላቱ ማንም ከቤቱ መውጣት አልቻለም ነበር። ጸሐፊዎ ደውላ መተግበሪያዬ እንዴት እንደሚከፈት ስትጠይቀኝ፣ ለምን እንደፈለገችው ሳላውቅ ደስ ብሎኝ አሳየኋት። በሠራሁት ቤት ተሰብስባችሁ ቤቱን ዘጋችሁት፤ አዳራሽ ገብቶ የፈረመም አልነበረም። የእናንተ ቡድን ግን ሰብሳቢው እርስዎ ስለሆኑ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ልጇ ድኗል፤ ዓፊፋም ጉዳይዋን ለኮሚቴው ልታስረዳ ትናንት ወደ ቡድናችሁ ልግባ ብላ ጠይቃችኋለች። ስልክዎን ቢያዩት፣ ከስሟ አጠገብ «ፍቀድ» የሚል ቁልፍ አለ። ለመጫን አዳራሽ መምጣት አያስፈልግዎትም።