እስከ አፈሙዙ ያለበስሁት ጠመንጃ

ከአንድ ማሕፀን ተከትሎኝ ለወጣው፣ ወንዝ ተሻግሮ ለራቀኝ ለወንድሜ ለደምለው፣ ገዳሪፍ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? የጎን ውጋትህ ተወህ ወይስ ዛሬም ያስነሣሃል? የሰው አገር ውሃ ተስማማህ ወይ? ባለቤትህ ጸዳለ እንዴት ናት? ልጅህን አየሁሽን ወባው ማራት? እኔ እህትህ አገኘሽ፣ ክብሩ ይስፋና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሲጮህ ይሰማል፣ ጥርሴም ሁለት ቀንሷል፤ ምላሴ ግን እንዳለ ነው።

ደብዳቤህን ያ ጨው የሚያመላልሰው ነጋዴ ሷሊህ በጾሙ መግቢያ አድርሶልኛል። እስከ ዛሬ የላክኸውን ሁሉ የሚያነቡልኝ ሌሎች ነበሩ። ባለፈው ክረምት ግን ከእኛ ጋር በረሃ የወረዱት መሪጌታ ፊደል አስቆጠሩኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሀ ሁ ስል የሳቀብኝ ብዙ ነው፤ ይሳቅ። ያንተን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ዓይኔ አነበብሁት፤ ምነው ባላነበብሁት! «የአባታችንን ጠመንጃ ላጎታችን ልጅ ለእንግዳው ስጪው፤ ሴት ጠመንጃ ምን ያደርግላታል» ይላል። ባሌን ሰጠኝን ከቀበርሁ ዓመት አልሞላኝም። ነፍስ ይማር የምትል አንዲት ቃል ፈልጌ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። ባዶ ነበር።

እንዴት እንደሞተ ሳትሰማ አልቀረህም፤ ግን ከእኔ ስማው። ያ አባታችን ለጎሽ አደን ብሎ ከገላባት ነጋዴ በዝሆን ጥርስ የለወጠው ጠመንጃ፣ እንደምታውቀው፣ እንጨቱ ከግማሽ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ብረቱ እስከ አፈሙዙ ራቁቱን ነው። ለአዳኝ ይበቃዋል፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ የቆሰለውን ጎሽ ተከትሎ ይሮጣል። ለጦርነት ግን አይሆንም። በዚህ ሐሩር ሦስት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ብረቱን መያዝ ፍም መጨበጥ ነው። ሰጠኝ ሽንፋ ወንዝ ዳር አድፍጦ ሳለ ቀትር ላይ ፀሐይ ብረቱን መታችውና አብለጨለጨ፤ የጠላት ቃፊር ከማዶ አየውና ተኩሶ ጣለው። ሌላ ጥፋት አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ የጎበዝ አለቃችን አዛናው ብረቱ ራቁቱን የሆነ ጠመንጃ ሁሉ ከብት ይጠበቅበት እንጂ ደፈጣ እንዳይወርድ አዘዘ። እንግዳውም ይህን ሰምቶ፣ አንተ የጻፍህለትን ወረቀት እያውለበለበ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆመና «እንግዲህ ለከብት ጥበቃ ዱላ ይበቃል፤ ጠመንጃውን ገላባት ወስጄ በጥይት ልለውጠው» አለ። እኔም ተነሥቼ «እንጨት አለብሰዋለሁ፤ እስከ አፈሙዙ አለብሰዋለሁ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ደፈጣ ይወርዳል» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዳው ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ጠመንጃ ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?» አለኝ። «ሱሪ ለብሶ ሲሮጥ ያየሁት ሰው አለ፤ ቀሚስ ለብሶ የሚቆም ይሻለኛል» አልሁት። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። አዛናውም «እስከ ሆሣዕና ጊዜ ሰጥቻታለሁ፤ ካልሆነላት እንግዳው ይውሰደው» ብሎ ፈረደ።

እንጨቱን ከየት እንዳመጣሁት ስነግርህ አትደንግጥ። እርጥብ እንጨት እንደሚጣመም አንተም ታውቃለህ፤ እኔ የፈለግሁት ዘመን የጠገበ ደረቅ ነበር። የአባታችንን ቤት መዝጊያ ነቀልሁት። አባታችን ራሱ ከጭልጋ በአህያ ያወረደው ዋንዛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጢስ የጠጣ ነው። ሰው «የአባቷን በር ነቀለች» ብሎ አማኝ። ጠላት ጣራውን ያነደደው ቤት መዝጊያ ምን ይዘጋል?

ጥለኸው የሄድኸውን መሮና መላጊያ አውጥቼ ሳልሁት። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ አባታችን የቤተ ክርስቲያን መቃን ሲጠርብ አንተን ከጎኑ አስቀምጦ እጅህን እየያዘ ያስተምርህ ነበር። እኔ ውኃ አቀብል ነበር። አንድ ቀን መሮውን ባነሣ «ሴት ከያዘችው እንጨቱ ይሰነጠቃል» ብሎ ቀማኝ። እኔም ውኃውን ይዤ ቆሜ አየሁ። ስንት ዓመት እንዳየሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ዘንድሮ ሳንቃውን ለሁለት ስሰነጥቀው፣ እንጨቱ የተሰነጠቀው እኔ ባልሁት በኩል ብቻ ነው።

ሰደፉን ከአሮጌው ሰደፍ ልክ ወስጄ ቀረጽሁ። ከዚያ ብረቱ የሚተኛበትን ቦይ ያዝሁ፤ እሱ ነው የፈጀኝ። አሥራ አንድ ቀን ወሰደብኝ። የፋኖስ ጥላሸት በሰሊጥ ዘይት ለውሼ ብረቱን ቀባሁትና ቦዩ ውስጥ አስተኛሁት፤ ሳነሣው እንጨቱ የጠቆረበት ቦታ ብረቱ የሚነካበት ነው፤ እሱን ፋቅሁ። እንደገና አስተኛሁ፣ እንደገና ፋቅሁ። ያባታችን መቃን ከመዝጊያው ጋር የሚገጥመው እንዲህ ነበር፤ አንተ ረስተኸው ይሆናል። ሲያልቅ ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሰሊጥ ዘይት አጠጣሁት። ቀለሙ የደረሰ ተምር መሰለ። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር በጠፍር አስሬ ጨርሼ በትከሻዬ ስይዘው፣ አልደብቅህም፣ አለቀስሁ።

ለደብረ ዘይት ሰው ተሰበሰበ። ከሰጠኝ ዝናር አምስት ጥይት ተርፎኝ ነበር። ኩይሳ ላይ ሦስት ቅል ተደረደረ፤ አዛናው ራሱ መቶ እርምጃ ርቆ ተንበረከከ። በመጀመሪያው ጥይት ቅሉ ፈረሰ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሁለተኛው ጥይት በቀኝ በኩል አለፈ። ሦስተኛው ኩይሳውንም አልነካ። እንግዳው መሬት ላይ ተቀምጦ «ቀሚሱ አደናቀፈው!» እያለ ሳቀ። ሦስት ጥይት፣ ደምለው! ሦስት ጥይት ለአንድ ቅል። እንኳን ሌላው፣ መሪጌታም አንገታቸውን ደፉ።

ጠመንጃውን ይዤ ገባሁና ሁለት ቀን ስመረምረው ዋልሁ። የመጀመሪያው መትቶ የኋለኞቹ ለምን ሳቱ? ጥፋቱ የተኳሹ ዓይን አልነበረም፤ አዛናው አይስትም። ከዚያ እጄን በእንጨቱ ላይ ሳሳልፍ ጠፍሩ ላይ ደረስሁ። ለካ እኔ የአገሬ ሰው እንደሚያደርገው አድርጌአለሁ። አልጋም ይሁን ኮርቻ፣ የተሰበረ ሞፈርም ቢሆን፣ የላላውን ሁሉ በእርጥብ ጠፍር እናስራለን፤ ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዛል። እኔም ብረቱን ከእንጨቱ ጋር በሦስት ቦታ በእርጥብ ጠፍር ጠፍሬው ነበር። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ያብጣል። ሁለት ጊዜ አርግዣለሁና አውቀዋለሁ፤ እርጉዝ መቀነቷን አጥብቃ ከታጠቀች ወደ አንድ ጎን ታዘማለች። ብረቱም የሚያብጥበት ቦታ ሲያጣ ወደ ቀኝ አዘመመ። ይህን ወንዶቹ ሁሉ ተሰብስበው አላዩትም፤ መቀነት አይታጠቁማ።

ጠፍሩን በጠስሁት። ሷሊህን ከተሰበረ ፋኖስ ሁለት የናስ ቀለበት አሠርተህ አምጣልኝ አልሁት፤ እንጨቱን የሚይዙ፣ ብረቱን የማያንቁ። ቦዩንም በጥቂቱ አሰፋሁ። ምን ያህል እንደሚበቃ ለማወቅ ያንተን ደብዳቤ በብረቱና በእንጨቱ መካከል አስገብቼ ከአፈሙዙ ጀምሬ ወደ ታች ጎተትሁት። ወረቀቱ በያዘበት ቦታ ፋቅሁ፤ ሳይነካ እስኪያልፍ ድረስ ፋቅሁ። ቃልህ አልጠቀመኝም፤ ወረቀትህ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠቅሞኛል።

ለሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ የቀሩኝን ሁለት ጥይቶች ይዤ ቀረብሁ። እንግዳው ቶሎ ይጨረስ ብሎ ማለዳ ፈለገ። እኔ ቀትር ይሁን አልሁ። ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። አፈሙዙን በጣቱ የነካ ሁሉ «እፍ!» እያለ እስኪሸሽ ድረስ ማንም እንዳያነሣው ከለከልሁ። ከዚያ አዛናው እንጨቱን ይዞ አነሣው፤ እጁን አላቃጠለውም። ተኮሰ፤ ቅሉ ፈረሰ። ሁለተኛውን ቅል ካስቀመጡ በኋላ ግን ጠመንጃውን ወደ እኔ ዘረጋና «ያለበሰችው ትተኩስ» አለ። ሰጠኝ በሕይወቱ ሳለ አስተምሮኛል፤ ሰው ፊት ግን ተኩሼ አላውቅም። የመጨረሻዋ ጥይት ናት፣ ብስት ሁሉም ከንቱ ነው። ተንበርክኬ ትንፋሼን ዋጥሁና ሳብሁት። ሆዱን አልመታሁትም፤ አንገቱን በጠስሁት። ቅሉ ከኩይሳው ተንከባሎ ወረደ። እልልታውን ወንዶቹ ጀመሩት።

አዛናው «ይህ ጠመንጃ ከእንግዲህ ሙሉ ጠመንጃ ነው፤ ባለቤቱም አገኘሽ ናት። ይህን የሚከራከር እኔን ይክሰሰኝ» ብሎ ከየዝናሩ አምስት አምስት ጥይት አስዋጣልኝ። በፋሲካ ማግስት ደጄ ላይ የቆመ ሰው ማን ይመስልሃል? እንግዳው ነው። የሱም ጠመንጃ ብረቱ ራቁቱን ነው። «እሜቴ አገኘሽ፣ ጊዜ ካለዎት ለኔም ይዩልኝ» አለ። እንዲቀመጥ ነግሬው ሥራዬን ቀጠልሁ። ጥላው እስኪዞር አስቀመጥሁት። ከዚያ ተቀበልሁት፤ ወገኔ ነው፣ ራቁቱን ይሙት አልልም።

እንግዲህ ደምለው፣ መልሴ ይኸው ነው፤ ጠመንጃውን አልሰጥም። አባታችን ለወንድ ልጄ ብሎ ትቶት ይሆናል፤ ወንድ ልጁ ግን ጥሎት ተሻገረ። በዚህ አልወቅስህም፣ ሚስትና ልጅ ነበረህ፤ ጥለኸው የሄድኸውን ነገር ከማዶ ሆነህ ስታዝዝበት ግን እወቅስሃለሁ። ቂም አልያዝሁም ብል ውሸት ነው። ብትመጣ አብልቼ አጠጥቼ፣ ጠመንጃውንም አሳይሃለሁ፤ ታየዋለህ እንጂ አትወስደውም።

ለጸዳለ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ የላከችልኝ ሻሽ ደርሶኛል፣ ለዓመት በዓሉ ለብሼዋለሁ። አየሁሽን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ፊደል አስቆጥራት፣ እንደኔ ጥርሷ እስኪረግፍ አታቆያት። ቤቷን ከፍላ ያስጠጋቻችሁ ሁሪያንም አገኘሽ ውለታሽን ታውቃለች በልልኝ። ሷሊህ ይህን ወረቀት በሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ይዞልህ ይመጣል፤ አንብበህ አቃጥለው። ብዙ የምጽፍልህ ነበረኝ፤ ነገር ግን ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ አዛናውም አስጠርቶኛል። ዛሬ የወንዙን መሻገሪያ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

እህትህ አገኘሽ

ከሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከበረሃው
ሚያዝያ ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.