ያለፈቃድ ስለዘነበው ዝናብና ስለ ሁለቱ አምባዞቼ

ይድረስ ለተከበሩት የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ደረጃ ሲወጡ ለሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ፣ ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ጡረተኛዋ አዋላጅ ነርስ፣ ቧንቧዬ በትእዛዝዎ ከተዘጋ ወዲህ ከመስኮት ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መስኮት እየተመላለስኩ ምንጣፌን ከመጨረሴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከራስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ቢሮ ድረስ መጥቼ ላለማስቸገር ነው። በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት እባላለሁ፤ ጥበቃውም አብሮ የሚሰበሰብ ይመስለኛል፣ በር ላይ አግኝቼው አላውቅም።

ጉዳዩን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ ስል ከመነሻው ልጀምር። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እጄ ሥራ ፈቶ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ጣት የሚያህሉ ሁለት ዓሦች ገዛሁ። ሻጩ ከዚህ አያድጉም ብሎ ማለልኝ፤ ኮሚቴውም መጠናቸው ከመዳፍ የማይበልጥ ሁለት የጌጥ ዓሦች እንዳስቀምጥ በቸርነቱ ፈቀደልኝ። አምባዛ መሆናቸው የገባኝ ጢማቸው ሲረዝም ነው። ዛሬ ወንዱ ጋሼና ሴቷ እቴቴ እያንዳንዳቸው ክንድ ያህላሉ። የመስታወት ገንዳቸው የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስለያዘው ሶፋዬን ሸጫለሁ፤ እህቴም ስትመጣ ጋሼ ትክ ብሎ ያየኛል እያለች ጀርባዋን ሰጥታው አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ እነዚህ ሁለቱ ቤቴ ውስጥ ሲወልዱ ለማየት ጓጓሁ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ጓጓሁ።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ዝናቡ። አምባዛ ዝናብ ካልዘነበና ውኃው ካልሞላ እንቁላል አይጥልም። ስለዚህ በየማለዳው ወንበር ላይ ቆሜ በአትክልት ማጠጫ ሳዘንብላቸው ከረምኩ። ከሥሬ ያሉት መምህር ድምፁን ሰምተው በጠራ ሰማይ ዣንጥላ ይዘው መውጣታቸው፣ ተማሪዎቻቸውም እስከ ዛሬ መሳቃቸው ከልብ ያሳዝነኛል። ሆኖም ኮሚቴዎ አቤቱታቸውን ተቀብሎ ያለፈቃድ ዝናብ ማዝነብ የሚል ክስ ሲመሠርትብኝ፣ ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለኝ ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ ስለማያውቅ ኩራት ተሰምቶኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ልኬታው። አምስት የኮሚቴ አባላት ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ሜትር ይዛችሁ ዓሣ ልትለኩ መጣችሁ። እቴቴ ሆዷ በእንቁላል ተነፍቶ ስለነበር መብራት እንዳይበራባት ተለማመጥኩ፤ ሁሉንም አበራችሁት። ጥበቃው ቀጥ ብላ እንድትቆም መስታወቱን ደበደበላት፤ ጸሐፊውም ለቃለ ጉባኤው ጢሙ ከርዝመቱ ይቆጠር አይቆጠር እያሉ አከራከሩ። ጋሼ በዚህ መሐል በጅራቱ ውኃ የረጫችሁ በንቀት እንዳልሆነ አረጋግጣለሁ። እርሱ በተፈጥሮው ስብሰባ አይወድም። እቴቴ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥግ ይዛ ምግብ እንቢ አለች። ስንት እናት በዚህ እጄ አልፋለች፤ የፈራች እናት ሳያት አውቃታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሳኔው። ማስታወቂያዎ እንደሚለው ዓሦቹ በወሩ መጨረሻ ወደተፈቀደላቸው መጠን መመለስ፣ ካልሆነም ሕንፃውን መልቀቅ አለባቸው። ወደ መጠናቸው እንዲመለሱ አንብቤላቸዋለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከዚህም ሌላ ለወለሉ ደህንነት በሚል ጥበቃው በጎማ የገንዳውን ውኃ ከግማሽ በታች አጎደለው፤ መልሼ እንዳልሞላውም ቧንቧዬ ተዘጋ። ሁለቱ በጎደለው ውኃ ውስጥ ሆዳቸው መሬት እየነካ፣ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ እያየሁ መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረኝም፤ አልቅሻለሁ።

ከዚህ በኋላ ለሆነው ግን ምስጋናዬ ከአንገት በላይ አይደለም። ጎረቤቶቼ ነገሩን ሲሰሙ አንድ በአንድ በጀሪካንና በባልዲ ውኃ ተሸክመው መጡ። ከሁሉም ቀድመው የመጡት ዣንጥላ ይዘው የወጡት መምህር ናቸው፤ ላበደችው ለእኔ ሳይሆን ለተጠሙት እንስሶች ነው ብለው አስረግጠው ነገሩኝ። ቀዝቃዛው ውኃ ከላይ እየተንዶለዶለ ገንዳው ሲሞላ እቴቴ ከጥጓ ወጣች፣ ጋሼም ተከተላት፤ ወዲያና ወዲህ ይሉ ጀመር። በማግስቱ ገንዳው ውስጥ የተከልኩላቸው ሣር ሁሉ በእንቁላል ተሸፍኖ አገኘሁት።

ያኔ ስህተቴ ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ ዝናብ ብቻ ሳዘንብ በጋውን ረስቼው ኖሯል። ውኃው ሳይጎድል መሙላቱ እንዴት ይታወቃቸው? በጋውን ያመጡላቸው እርስዎ ነዎት። እኔ በሙያዬ ያቃተኝን፣ ክቡርነትዎ በክፋት፣ ይቅርታ፣ በመመሪያ ፈጸሙት። ወላጆቹ እንቁላላቸውን እንዳይበሉት ወደ በርሜል አዛውሬያቸዋለሁ፤ የእህቴ ባል ግቢው ውስጥ ኩሬ እየቆፈረላቸው ስለሆነ በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ። እንደሚናፍቁኝ አልደብቅዎትም።

ጫጩቶቹ ግን ተፈልፍለዋል፤ ብዛታቸውን መቁጠር ትቻለሁ። ሁሉም ከመዳፍ፣ እንዲያውም ከጥፍር ያነሱ ስለሆኑ በመጠን በኩል የፈቃዱን ቃል አክብረዋል። ሁለት ብቻ ይሁኑ የሚለውን በተመለከተ ጸሐፊው መጥተው የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ያመልክቱኝ። እስከዚያው የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቧንቧዬን ይክፈቱልኝ። እነዚህ ትንንሾች ውኃቸው በየቀኑ ካልታደሰ ያልቃሉ፤ ጎረቤቶቼም ሦስት ፎቅ መውጣት ደክሟቸዋል። ወልዶ ከማጣት የከፋ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ በጡረታዬ እንዳያሳዩኝ።

በጋን በሳሎን ውስጥ ለማምጣት በቻለው ሥልጣንዎ ፊት እጅ እየነሳሁ፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ የማይሆንልኝ፣
የሦስተኛ ፎቅ አዋላጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ውኃ ካመላለሱልኝ ጎረቤቶች አንዷ ባለቤትዎ ነበሩ። ለውለታቸው ጫጩት በማሰሮ ሞልቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በባልዲ የሚታጠቡት የገላ መታጠቢያ ገንዳዎ ተሰንጥቆ ነው ተብለው ከሆነ፣ እንግዶች ስለገቡበት እንጂ ደህና መሆኑን ሳበስርዎ ደስ ይለኛል። መብራት ሲያበሩ ብቻ ቀስ ይበሉ፤ መስታወትም ባይኖረው ጎኑን አይደብድቡት።