ደመወዝተኛ ወዳጅ ስላላፈራሁ ይቅርታ

ለክቡር አቶ ዘካርያስ
የጨፌ ብርሃን ዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎንም በደስታ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ወደ ቢሮዎ እንዳያስገባብዎት፣ ቬንትሌተርዎም በዚህ ሙቀት እንዳይቆምብዎት ከልቤ እጸልያለሁ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተፈትኜ አንደኛ የወጣሁት፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ማቅረብ ስላልቻልኩ ግን የተሰናበትኩት ሜቲ ዲዳ ነኝ።

፩ኛ. በቃል ፈተናው ስለ ዕቃ አያያዝ ከመጠየቄ በፊት «የማን ልጅ ነሽ?» ተብዬ በመጠየቄ የተሰማኝን ክብር መግለጽ እወዳለሁ። አባቴ ቆቃ ላይ ዓሣ ያጠምድ እንደነበር፣ ወላጆቼ በልጅነቴ ሞተው መቂ ያለችው አክስቴ እንዳሳደገችኝ ስመልስ፣ ከፈታኝ ኮሚቴው አንዱ «ታዲያ እዚህ የሚያውቅሽ ሰው የለም ማለት ነው?» ብለው አዘኑልኝ። ሐዘናቸው ከልብ ስለነበር ወዲያው በማስታወሻቸው አሰፈሩት።

፪ኛ. የዋስ መመሪያዎን አከብራለሁ። ንብረት የሚረከብ ሰው ቢጠፋ ተጠያቂ መኖር አለበት፤ ያልገባኝ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ከሌላው ይልቅ ለሌብነት የሚቀርበው እንዴት እንደሆነ ነው። አከራዬ ወይዘሮ በላይነሽ ሊፈርሙልኝ ቢመጡ፣ ጡረታ ደመወዝ አይደለም ተባሉ። ጎረቤቴ ሑስና አስተማሪ ብትሆንም ለወንድሟ ዋስ ስለሆነች ለሌላ መድገም አትችልም ተባለች። ወንድም ያለው ሰው ምንኛ የታደለ ነው! በመጨረሻም አክስቴ ቡዜ የክት ልብሷን ለብሳ፣ በሽንኩርት መኪና ተሳፍራ ከመቂ መጣች። ሽንኩርት ለቅማ የምታድር ሴት ስለሆነች የበር ጥበቃዎ ወደ ውስጥ እንኳ ሳያስገባ መለሳት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ሳልሆንልሽ ቀረሁ» አለችኝ። ያሳደገችኝን ሴት «ሰው አይደለሁም» እስክትል ስላደረሳችኋት ፋብሪካውን በሙሉ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠባዬ ተበላሽቷል። ሚኒባስ ውስጥ አንገቱ ላይ የሥራ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ሳይ አጠገቡ እቀመጥና ሰላምታ አበዛለሁ። አንዷ ደግ ሴት ከቢሾፍቱ እስከ ዱከም ስታጫውተኝ፣ እኔ በሆዴ ለዋስነት የምትበቃ ቋሚ ሠራተኛ ትሁን ወይስ ኮንትራት እያሰብኩ ጨዋታዋን እንኳ በቅጡ አልሰማሁም። ስትወርድ «በይ ደህና ዋይ» አለችኝ። ራሴን ጠላሁት።

፫ኛ. ይህን ልተወው ነበር፤ ነገር ግን ምስጋና ማጉደል ነውር ነው። ቦታውን ያገኘው ወጣት በፈተናው አራተኛ የወጣ ሲሆን ዋሱም አጎቱ፣ ማለትም የእርስዎ ምክትል እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ዕቃ ቢጎድል ከሳሽና ዋስ በአንድ ቢሮ ስለሚገናኙ የትራንስፖርት ወጪ አይኖርም። እኔ ደግሞ በዋስ ፋንታ ከደመወዜ መያዣ እንዲቆረጥ አመልክቼ ነበር። ዝምታዎን እንደ መልስ ተቀብያለሁ።

አቶ ዘካርያስ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ በጣም ከፍቶኛል። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ስሜን ከላይ ሳየው የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር ብል ማንም አልነበረም፤ ለዚያው ለበር ጥበቃዎ ነገርኩት። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። በዚህ ከተማ ስኖር ይህን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራውን የፈለግሁት ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ስቀር «ሜቲ ዛሬ ምን ሆና ነው?» የሚል የሥራ ባልደረባ እንዲኖረኝም ነበር። እናንተ ግን ሰው ላገኝበት ወደፈለግሁት ቤት ለመግባት አስቀድሜ ሰው እንዳመጣ አዘዛችሁኝ።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎት፣ ዘመዶችዎም ሁሉ በያሉበት እንዲቀጠሩልዎት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ፈተናውን ያለፈችው፣ በሩን ያላለፈችው
ሜቲ ዲዳ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን ዱከም የቀን ሥራ ስጀምር ባስሞሉኝ ቅጽ ላይ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚል ቦታ ነበር። አክስቴ ስልክ ስለሌላት የእርስዎን ስምና የቢሮ ስልክ ጽፌያለሁ። «ሰው አለሽ ወይ?» ብለው ደጋግመው የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ከተደወለ እባክዎ ያንሱልኝ።