ታፔላው እንዳይሸፈን ጭሱን ወደ አራስ ቤት ስለመለሱበት ጥበብ

ለ«ሙቅ ማረፊያ ለእናቶች» ፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ለክቡር አቶ ወንዳወቅ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ዓይንዎና ሳንባዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋዬ ነው። እኛ በጋዝጊብላ ደጋ ያለን የጤና ጣቢያ ሠራተኞችና እናቶች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳሉ እየለቀቀን ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ስሆን ስሜ ጥሩሐረግ ይባላል፤ በላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ «ጥሩወርቅ» ብለው ከሐረግ ወደ ወርቅ ስላሳደጉኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቀደም ሲል ለቢሮዎ ብቻ የጻፍኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ በአደባባይ መጻፌን በትሕትና አሳውቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምርቃቱ አመሰግናለሁ። ከሩቅ ጎጥ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸውን የሚጠብቁበት፣ ከወለዱም በኋላ የሚያርፉበት ክፍላችን ብርዱ አጥንት የሚሰብር ስለነበር፣ የብረት ምድጃ ከነጭስ መውጫው ሲያስተክሉልን በእልልታ ተቀብለናችኋል። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ፍልጡ ላይ ነጭ ጋዝ ተርከፍክፎ እሳቱ ቦግ ሲል ፎቶው ተነሣ። ጭሱ ክፍሉን ሲሞላው ግን የመኪናችሁ አቧራ ገና ከመንገዱ ላይ አልተበተነም ነበር።

ሁለተኛ፤ አቤት ብንል ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ምድጃውን ሳያነዱ፣ ቀዝቃዛውን ብረት በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ምድጃው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የአጠቃቀም ነው» አሉን፤ ከዚያም ከእሳት ዳር ላደጉት ለጋዝጊብላ ሴቶች እሳት ማንደድን አሠለጠኑ። እኛም ታዘዝን። ባሕር ዛፉን ፈልጠን እስኪደርቅ ከፀሐይ አዋልነው፤ የታችኛውን የአየር በር ከፍተን በጭራሮ ጀመርን፤ ሲያያዝ ወፍራሙን ጨመርን። ጠዋት ጠዋት ደኅና ይነድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ጭሱ በመጣበት ይመለሳል። ምክንያቱን ለማወቅ ደጅ ቆሞ ቀና ማለት በቂ ነበር፤ የጭሱ ቱቦ በግድግዳው ወጥቶ ከጣራው ክፈፍ በታች ይቀራል፤ ጣራውን ተሻግሮ የሚወርደው ነፋስ ጭሱን አፉ ላይ ይዘጋበታል። ለምን ከጣራው ጫፍ በላይ እንዳላለፈ ባለሙያዎን ጠየቅኋቸው። «እሱማ ታፔላውን ይሸፍነዋል» አሉኝ። የፕሮጀክታችሁ ታፔላ በጣራው ግንባር ላይ፣ በትክክል ቱቦው ማለፍ በነበረበት ቦታ ተሰቅሎ ነበር።

የሚቀጥለውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልሁም።

ደብሬ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ሴት፣ ባሏ ደግሰውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት መጣች። ረፋዱ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ ከቀኗ ቀድማ የመጣች፣ እፍኝ የማትሞላ ነበረችና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ሙቀት ነው። ምድጃውን አንድደን አስተኛናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ክፍሉ በጭስ ታፈነ፤ የልጅቱ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር። እሳቱን ብናጠፋው ብርዱ፣ ብንተወው ጭሱ ሊገድላት ሆነ። ደብሬ ከአልጋዋ ተነሥታ «ሲስተር፣ ልጄን አውጡልኝ! እኔን ይብረደኝ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። አብራት የመጣችው አማቷ በነጠላዋ ነፋሱን እየጋረደች፣ ልጅቱን ታቅፈን፣ ደም የሚፈሳትን አራስ ደግፈን በግቢው መሐል ወደ ጥበቃው ቤት ሮጥን። እዚያ ስንደርስ የልጅቱ እግር እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ማልቀሷንም አቁማለች። ራቁቷን ከእናቷ ደረት ላይ ለጥፌ በጋቢና በገዛ ካፖርቴ ሸፈንኋቸው። ደግሰው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ ሰማዩን ያያል። ብዙ ከቆየን በኋላ ልጅቱ አፏን ከፍታ ጡት ፈለገች። ደብሬ «ሳበች! ሲስተር፣ ሳበች!» ስትል፣ እኔ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ያን ጊዜ ከአፌ ያልወጣውን ስድብ ነው አሁን በእርስዎነት አሳምሬ የምጽፍልዎ።

በማግሥቱ ታፔላው እንዲወርድ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ደግሰው ሰቆጣ ወርዶ ከቆርቆሮ ሠሪ ያሠራውን ቅጥያ ቱቦ በሚኒባስ ጣራ ጭኖ መጣ፤ ከጥበቃችን ከጋሽ ብዙነህ ጋር ወጥተው ከጣራው ጫፍ በላይ አሳለፉት። ነፋሱ እስኪነሣ ጠብቀን አነደድነው። ጭሱ ሽቅብ ተሳበ፤ ብረቱ ጋለ፤ እናቶቹ ጋቢያቸውን እያወለቁ ወደ ግድግዳው ሸሹ። እውነቱን አልደብቅም፤ ምድጃው ሸጋ ምድጃ ነው። መተንፈሻ ብቻ ነበር የነፈጋችሁት።

ክቡርነትዎ ግን ስለ ልጅቱ ሳይሆን ስለ ታፔላው ተጨንቀው «የፕሮጀክቱን ንብረት ያለፈቃድ ነክተሻል» ሲሉ አስጠነቀቁኝ። አሁን ደግሞ ውጤታማውን ምድጃ የሚያዩ እንግዶች ስለሚመጡ ታፔላው በነበረበት እንዲመለስ አዝዘዋል። ታፔላው እንዲመለስ ቱቦው መውረድ አለበት፤ ቱቦው ደግሞ አይወርድም። እንግዶቹ ይምጡ፤ እናቶቹ ከፈቀዱ ይሞቃሉ፤ ምድጃው እንዴት እንደሞቀም ከደብሬ አፍ ይሰማሉ። ቅጣት ካለ በስሜ ይምጣ፤ ጋሽ ብዙነህ የታዘዙትን የፈጸሙ ሰው ናቸው።

ለእናቶች ጤና ካለዎት ጥልቅ አሳቢነት የተነሣ አንዲት ሕፃን በእጇ ልትሞትባት ጥቂት የቀራት፣
በከፍተኛ አክብሮትና በቀላ ዓይን፣
ጥሩሐረግ፣ አዋላጅ ነርስ

ማሳሰቢያ፤ ባለቤትዎ ነፍሰ ጡር መሆናቸውን ሰማሁ፤ ማርያም በሽልም ታውጣቸው። ለአራስ ቤታቸው ምድጃ ካሰቡ ባለሙያዎን ባይልኩ እመክራለሁ፤ ደግሰው መጥቶ ይተክልልዎታል። እሱ ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። ቂሙን እኔ ይዤለታለሁ።