ረፋድ ላይ የሚይዘኝ ፍቅር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዘጠኝ ኮሌታ ሰፋሁ። ሁለቱን መልሼ ፈታሁ። ቁርስ እንደ ልማዴ የለም፤ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ጭልጥ አድርጌ ወደ ስፌት ቤቱ ሮጥኩ። ረፋድ ላይ ክርና ቁልፍ የሚያመጣልን ሰውዬ ገባ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። ላብ... ልቤ ድው ድው... ምን ሆኜ ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ዛሬም። ልክ እሱ ሲገባ። ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ አየችኝ። (ድንቡሽቡሽ ናት፤ እኛ ግን ቀጮ ነው የምንላት።)
«ያዘሽ» አለች።
«ምኑ?»
«ፍቅሩ ነዋ።»
በሠላሳ ስምንት ዓመቴ? ግን ሌላ ምን እንዲህ ያንቀጠቅጣል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ቀጮ አፏ አያርፍም፣ ለታላቅ እህቴ ነግራታለች። እትዬ ክንፍ ልታወጣ ምንም አልቀራት። «ሌላ ሳትቀድምሽ ንገሪው» አለችኝ።
ነገ እነግረዋለሁ። ቆርጫለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ልነግረው ብድግ አልኩ። «አንድ ነገር...» ከዚያ ወዲያ ጨለማ። ስነቃ ጭንቅላቴ ጨርቅ ክምር ላይ፣ እሱ አጠገቤ ተንበርክኮ። ራሱ ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ።
ጣቴን ወጉኝ። ሐኪሟ ቁጥሩን አየች። «ቁርስ ምን በላሽ?»
«ሻይ።»
«ትናንትስ?»
«ሻይ።»
ስኳርሽ በጣም ወርዷል አለች። የስኳር በሽታ ያዘኝ ብዬ ክው አልኩ። «በሽታው የሌለበት ሰውም ይወርድበታል፤ ለማንኛውም እንመረምርሻለን።»
ጭማቂ አጠጡኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ጥሎኝ ሄደ። ሰውዬው ግን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ፍቅሩ የት ገባ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ምርመራው ደህና ነው። በሽታ የለም። ባዶ ሆድ ላይ የጠጣሁት ጣፋጭ ሻይ ስኳሬን ሽቅብ አውጥቶ ቁልቁል ይለቀዋል ነው የምትለው ሐኪሟ። ቁርስ የግድ፣ ከዚያም በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ።
ለቀጮ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ስንቷ ርቧት አግብታ ይሆን?» አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26
ጠግቤ አየሁት። ሁለት እንቁላል ከዳቦ ጋር በልቼ። እጄ ጸጥ፣ ልቤም ጸጥ።
«ያን ቀን ምን ልትይኝ ነበር?» አለ።
ምን እዋሻለሁ? ሁሉንም ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጥርሱ ፍንጭት ነው... ይህን ሁሉ ጊዜ አላየሁትም።
ቦርሳውን አነሳ። «ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ቁልፍ አላችሁ።»
«ነገም ና» አልኩት።
«ምን ላምጣ?»
«ምንም።»